በብር የሞላናቸው ቱቦዎች

ይህ ታሪክ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ሰው ይለፈው፤ እመኑኝ ብዬ የምለምነው ሰው የለኝም።

ጅማ ነው። ኅዳር 2008 ዓ.ም.። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

እኩለ ሌሊት፣ መቃብር፣ የጅብ ድምፅ ምናምን የምትጠብቁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ከመስኮቱ ውጪ ተማሪዎች ሻይ እየጠጡ ይሳሳቁ ነበር።

እኔ ደግሞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ላብራቶሪ ውስጥ ቆሜያለሁ።

የልጄን የልብ ምት ያየሁት ያኔ ነው...

ሆዴ ላይ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ስሜ ትህትና ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ስሜን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ምላሴን ያውቁታላ። ያኔ በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። ባለቤቴ ዳግማዊ ሊሙ ገነት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው የሚሠራው። ኅዳር ደግሞ ቀይ ቡና የሚገባበት ወቅት ስለሆነ እሱን የማገኘው በስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ነበር የምኖረው።

ሥራዬን በአጭሩ ላስረዳችሁ። አትሽሹ፤ ቀላል ነው።

ከሰል ውስጥ ያለው ካርበን በጣም ስስ ሆኖ ሲጠቀለል ቱቦ ይሆናል። የለስላሳ መጠጫ ስትሮ አስቡ። ግን ከጸጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠነ ስትሮ። ናኖቲዩብ ይሉታል። ውስጡ ባዶ ነው። አንዳንዱ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ ያሳልፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ይግደረደራል።

የእኔ ጥያቄ፦ የሚግደረደረውን ቱቦ ውስጡን በብር ብንሞላውስ? ብር ስል የጌጡን ብር ማለቴ ነው።

ብሩ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ቀጭን ሽቦ ይሆናል። ኤሌክትሮኖቹን ለቱቦው ግድግዳ ያካፍለዋል። ያኔ ቱቦው መግደርደሩን ይተዋል። ውጪው አልተነካም፣ አልተጫረም። ውስጡ ስለተሞላ ብቻ ሌላ ነገር ይሆናል።

"እንደ አንቺ በይዋ!" አለኝ ፈየራ ሆዴን እያየ።

ፈየራ አብሮኝ የሚሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። የአጋሮ ልጅ ነው፤ ሳይቀልድ አይውልም።

ሳቅን። አሁን ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ይቀፈኛል።

ቱቦዎቹ ከውጭ በትንሽ ብልቃጥ መጥተውልን ነበር። ብሩ ግን አልመጣም። የውጭ ምንዛሪ የለም ተባለ። ነገ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ይመጣል... ሆዴ እየገፋ ነው፣ ሥራው ቆሟል። "ከወለድኩ በኋላ ማን ያስጨርሰኛል?" እያልኩ ስነጫነጭ እናቴ ሰማችኝ።

"የጠፋው ብር ነው?"

"ብር ነው እማዬ። ንጹሕ ብር።"

ሄዳ ሳጥኗን ከፈተች።

ይዛልኝ የመጣችው የክታብ ማኅደር ነበር። ጣት የምታህል፣ ሁለቱም ጫፎቿ የተደፈኑ ድቡልቡል የብር ቱቦ ናት። ጸሎት የተጻፈበት ብራና ተጠቅልሎ ውስጧ ይታሸጋል።

ከእኔ በፊት እናቴ የወለደቻቸው ልጆች አንዳቸውም አላደጉላትም። ሾተላይ ነው አሏት። እኔን ስታረግዝ ይህቺን ማኅደር ወገቧ ላይ አሰሩላት። እኔ ተረፍኩ።

"አንቺን አትርፋልኛለች። ከእንግዲህ ምን ልትሠራልኝ ነው?" አለችኝ። እናቴ ወይዘሮ አበራሽ ዕድሜዋን ሙሉ ማዘጋጃ ቤት የሠራች ሴት ናት፤ ለዕቃ አትሳሳም። "ውስጧ ያለውን ብቻ እንዳትጥዪው። ቤተ ክርስቲያን እወስደዋለሁ።"

አወቱ መንደራ ሰፈር፣ ብር ሠሪው ጋሽ ኑሪ ዘንድ ወሰድኳት። ጫፏን በትንሽ መጋዝ ቆረጡልኝ። ወደ ብርሃን አዞሯት። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ውስጧን አዩ።

"ልጄ... ባዶ ነው።"

"ብራና አለው እኮ ጋሽ ኑሪ።"

"ወላሂ ባዶ ነው። ያውልሽ፣ እዪው።"

አየሁት። ባዶ ነበር። የገረመኝ ግን ባዶነቱ አይደለም።

ማኅደሯ ከውጪ በዘመን ብዛት ጠቁራለች። ከውስጥ ግን... ታበራለች። አንድ ነገር ለዓመታት ሲተሻሻት የኖረ ይመስል።

"ይህን በውስጥ በኩል ማን ወለወለው?" አሉ ጋሽ ኑሪ እየሳቁ።

ሳቃቸው ግን አልቆየም። መጋዛቸውን አንስተው በሳሙና ማጠብ ጀመሩ። ስሰናበታቸው አሁንም እያጠቡት ነበር።

ፈየራና እኔ ብሩን በአሲድ አሟሟነው። ነጭ ጨው ሆነ። ጨዉን ከቱቦዎቹ ጋር ስናቀልጠው ቱቦዎቹ ራሳቸው ወደ ውስጥ ሳቡት፤ ጨርቅ ውኃ እንደሚስብ። እንደገና ስናግለው ሌላው ተንኖ ብሩ ብቻ ውስጣቸው ቀረ። ጥቁሩን ዱቄት ትንሽ መስታወት ላይ ቀባነው። ግራና ቀኙን ሽቦ አሰርንለት። ለማወዳደሪያ ደግሞ ያልተሞሉ ባዶ ቱቦዎች የተቀቡበት ሌላ መስታወት ጎኑ አስቀመጥን።

ኤሌክትሪኩን ለቀቅነው።

በባዶዎቹ በኩል ትንሽ አለፈ። የመለኪያው ቁጥር አንድ ቦታ ቆመ። እንደሚጠበቀው።

የተሞሉት ግን ከባዶዎቹ በብዙ እጥፍ አሳለፉ! በደስታ ልጮህ ነበር...

ቁጥሩ ግን አልቆመም።

ከፍ... ዝቅ።

ከፍ... ዝቅ።

ከፍ... ዝቅ።

"ኖይዝ ነው፤ የመሣሪያ ረብሻ" አለ ፈየራ። ሽቦውን ቀየረ።

ያው ነው።

"ማል? ምንድን ነው?" አለ ለራሱ። ግራ ሲገባው ወደ ኦሮምኛው ይመለሳል። መለኪያውን ቀየረ።

ያው ነው። ፈጣንና የተስተካከለ።

ያን ምት አውቀዋለሁ። አዋላጇ ሲስተር ሀጂራ ሆዴን ስታዳምጥ "የልጅሽ ልብ እንዲህ ነው የሚለው" ብላ በጣቷ የአልጋውን ጠርዝ እየመታች አሳይታኛለች።

ለፈየራ አልነገርኩትም። የፊዚክስ ሰው ነኛ! ምን ብዬ ነው የምነግረው?

ያኔ ቁጥሩ ድንገት ዘለለ።

ትንሽ ቆይቶ... ልጄ ረገጠችኝ።

እንደገና ዘለለ።

ረገጠችኝ።

ልብ በሉ። መጀመሪያ ቁጥሩ ነው። ከዚያ ነው ልጄ።

ያን ቀን መሣሪያውን ሳላጠፋ ወደ ቤት ሄድኩ። ለምን እንዳላጠፋሁት ለራሴም አልነገርኩትም።

በማግስቱ ከሰዓት ለፈየራ ነገርኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠው።

"እኔ ጎረቤት ክፍል ልቀመጥ" አልኩት። "አንተ ደስ ባለህ ሰዓት አጥፋው። እንዳትነግረኝ። ለአንድ አፍታ ብቻ። ወዲያው አብራው።"

"ትህትና... ይቅርብን።"

"ኖይዝ ነው ብለህ የለ? ኖይዝ ነው የምትፈራው?"

ሄደ። በመካከላችን የብሎኬት ግድግዳ አለ። ሆዴን በሁለት እጄ አቅፌ ተቀመጥኩ። ልጄ ትገላበጣለች። ውጪ አንድ ሰው ሳር ያጭዳል።

ቆየ...

ቆየ...

ድንገት ሆዴ ጸጥ አለ።

እንቅልፍ የወሰዳት ልጅ ጸጥታ አይደለም። እሱን አውቀዋለሁ። ይሄኛው ድንጋይ የተሸከምኩ ያህል ነው።

"ጠፋ!" ብዬ ጮህኩ።

ረገጠችኝ።

"በራ!"

እንደገና ጸጥታ።

"ጠፋ!... ፈየራ፣ ጠፋ! አብራው!"

ረገጠችኝ።

በሩ ተከፈተ። ፈየራ ነው። ከንፈሩ ደርቋል።

"ሁለተኛ ይህን አታሠሪኝም" አለ በሹክሹክታ። "ዋቃዮን! በፈጣሪ! አታሠሪኝም።"

"ትክክል ነበርኩ?"

"አንዴም አልሳትሽም።"

ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የልጄ ሕይወት በአንዲት ሽቦ ተንጠልጥሏል። በዚያ ዓመት የጅማ መብራት እንዴት ያለ መብራት እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ፍርሃቴ ይገባዋል።

ፈየራ ከወንድሙ ጋራዥ የመኪና ባትሪ ሊያመጣልኝ ቃል ገባ። በማግስቱ ጠዋት ሊያመጣው ሄደ፤ እኔ ደግሞ የክትትል ቀኔ ስለነበር ሲስተር ሀጂራ ዘንድ ሄድኩ።

ረፋድ ላይ ነው። አልጋው ላይ ተኝቻለሁ። ሲስተር ሀጂራ ጡሩንባ የሚመስለውን ማዳመጫ ሆዴ ላይ ደቅና ጆሮዋን አስጠግታለች። ጣቷ የአልጋውን ጠርዝ ይመታል።

ጠብ ጠብ ጠብ ጠብ...

ጣቷ ቆመ።

ኮሪደሩ ላይ ሲጮህ የነበረው ቴሌቪዥን እንደተዘጋ ያስተዋልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መብራት ሄዷል።

"አብሽሪ" አለች ሲስተር ሀጂራ። "ተደብቃ ነው።" ማዳመጫውን ወደ ግራ ወሰደችው። ወደ ታች አወረደችው። "አሁን ነበረች እኮ..."

ስልኬን አወጣሁ። ደወልኩ።

"ፈየራ!"

"መብራት ሄዷል።"

"አውቃለሁ! ባትሪውስ?"

"ይዤዋለሁ። ደረጃው ላይ ነኝ። ከብዶኛል..."

"ሩጥ!"

"ማንን ነው የምታናግሪው? ዝም በዪ ላዳምጥበት" አለችኝ ሲስተር ሀጂራ። ፊቷ ተለዋውጧል። ጆሮዋን ጥብቅ አድርጋ ተደፋችብኝ። "ያ ረቢ..." ስትል ሰማኋት፣ ቀስ ብላ።

በስልኩ ውስጥ የፈየራ ጫማ ይሰማኛል። ትንፋሹ ይሰማኛል። ቁልፍ ሲንኳኳ... በር...

"ቀዩ ሽቦ የቱ ጋ ነው የሚገባው?"

"በቀኝ! ቀዩ በቀኝ!"

"እጄ... ኤጊ፣ ኤጊ፣ ጠብቂ..."

ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጠብ...

ጠብ ጠብ...

ጠብ ጠብ ጠብ ጠብ...

የሲስተር ሀጂራ ጣት ነው።

"አልሃምዱሊላህ! አላልኩሽም? ተደብቃ ነው!" ብላ ሳቀች። እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷም የእርጉዝ ሴት ነገር ነው ብላ መሰለኝ፣ ጀርባዬን አሸችልኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ መስታወቱ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጥጥ ላይ አስተኛነው። ፈየራ ትንሽ ባትሪና ትንሽ መለኪያ ገጠመለት። ስተኛ ትራሴ ሥር ነው። ስበላ ጭኔ ላይ ነው። ዳግማዊ በስልክ "ድምፅሽ ደክሟል፣ ምን ሆነሻል?" ሲለኝ "ሆዴ ከብዶኝ ነው" እለዋለሁ። ምን ልበለው?

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ለእናቴ ምስጢሩን አወጣሁላት። ሁሉንም አይደለም።

"እማዬ... ያቺ ማኅደር እኮ ባዶ ነበረች።"

ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። እጇ ቆመ።

"ባዶ?"

"ምንም የለባትም።"

"ሊሆን አይችልም። አንቺን አርግዤ ሳለሁ ውስጧ ሲንኳኳ እሰማ ነበር። ቀን ከሌት። ብራናው ነው አሉኝ።"

"ከዚያስ?"

"አንቺን የወለድኩ ዕለት ዝም አለች።"

ጎመኗን መቀንጠስ ቀጠለች። ያን ቀን ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

ታኅሣሥ ሲገባ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ።

ምቱ አለ። ግን በየቀኑ እየሳሳ ነው። ባትሪ ቀየርን። ሽቦ ቀየርን። ምንም ለውጥ የለም። ልጄም መርገጧን እየተወች መጣች፤ ስትንቀሳቀስም የሰነፈች ዓሣ ነው የምትመስለው።

"ብሩ ከቱቦዎቹ እየወጣ ይመስለኛል" አለኝ ፈየራ።

"ወጥቶ የት ነው የሚሄደው?"

ሆዴን አየና ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ምጡ ቀኑ ሳይደርስ መጣ። ጠዋት ነው፤ ማዋለጃ ክፍሉን ፀሐይ ሞልቶታል። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ቆርቆሮዬን ትራሴ ጎን አስቀመጥኩ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች ሲስተር ሀጂራ።

"እንዳትነኪብኝ ሲስተር። በምትወጂው ይሁንብሽ፣ እንዳትነኪብኝ።"

ዓይኔ ውስጥ ምን እንዳየች አላውቅም። ተወችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሕመም ነው። በሕመሙ መሀል አንገቴን አዞርና ቁጥሩን አያለሁ። አለ... ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ... እሱን እያየሁ ነው የማምጠው።

"መጣች! አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ግፊ!"

ገፋሁ።

ልጄ ከእኔ ስትወጣ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ።

እዚያው ቆመ። ዜሮ።

ክፍሉ ጸጥ አለ።

"ቢስሚላህ..." ሲስተር ሀጂራ ጀርባዋን ታሻታለች። እግሯን ትመታታለች። "ተንፍሺ... ተንፍሺ የእኔ እናት... ነይ..."

ልጄ ሰማያዊ ናት። እጇ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ሽቦዎቹን በጣቴ መስታወቱ ላይ ጫንኳቸው። ዜሮ። ባትሪውን ነቅዬ መለስኩት። ዜሮ። መስታወቱ ተሰብሮ እጄን ቆረጠኝ፤ አልተሰማኝም። ጨነቀኝ። ማሪያምን ጠራሁ፣ የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ጠራሁ። ሁሉም ዝም ሲሉኝ...

ማንም ይሁን አልኩ። ምንም ይሁን። ውስጧ ይግባ። ብቻ ልጄ አትሙትብኝ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሲስተር ሀጂራ ቀና ብላ አየችኝ።

ያኔ የሕፃን ጩኸት ተሰማ።

እንዴት ያለ ጩኸት! ክፍሉን ሞላው። ኮሪደሩ ላይ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ሲስተር ሀጂራ "ማሻአላህ! ማሻአላህ!" እያለች ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች። ልጄን በጨርቅ ጠቅልላ ደረቴ ላይ አስተኛችልኝ።

ሞቃት ናት። ቀልታለች። ሕያው ናት። ልጄ ሕያው ናት!

"ድምጿ እንዴት ደስ ይላል! ጠንካራ ናት" አለች ሲስተር ሀጂራ እጇን ልትታጠብ ጀርባዋን እየሰጠችን።

ልጄን ልስማት ጎንበስ አልኩ።

ጩኸቱ ቀጥሏል። ከደረቴ ላይ፣ ከጨርቁ ውስጥ ነው የሚመጣው። ጆሮዬን እስኪያመኝ ድረስ።

የልጄ ከንፈሮች ግን ተገጣጥመዋል።

አፏ ዝግ ነው። ፊቷ አልተኮማተረም። ዓይኖቿ ፍጥጥ ብለው ተከፍተዋል።

የበሩ እጀታ ዞረ። እናቴ ልትገባ ነው። ሲስተር ሀጂራም እጇን እያደራረቀች ወደ እኛ መዞር ጀመረች።

ነጠላዬን ሳብኩና ማንም ሳያያት ፊቷን ሸፈንኩት። አጥብቄ አቀፍኳት።

ከነጠላው ሥር ልጄ አፏን እንደዘጋች እየጮኸች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።